አያ ዝገት

ከአራዳ ቁልቁል፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣
ቆርቆሮ ቤት ነበር የድንጋይ አጥር ተደግፎ፤
በሩ የተቀደደ የስኳር ማዳበሪያ፣
ግድግዳው ላይ በከሰል አንድ ማስጠንቀቂያ፦
«ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገም ቢሆን የለም፤
ጨዋታ በብር ነው፣ ብር ደግሞ አይታለም።»
ጽሑፉ የጋሽ ባምላኩ ነው፤ ዓይኑን ከሰዓት ሳይነቅል
ከሃያ ደቂቃችን ሁለቱን ለራሱ የሚከፍል።

እዚያ ነው ያየነው ያንን አንድ ዓይና ብረት፣
ከዋክብትን ሲፈለፍል እንደ ሽምብራ እሸት፣
ገለፈት ሰማዩን ሲጥል ከመሬት።
ስሙ በፈረንጅ አፍ ረጅም ነበረ፣
ፊደል ከነቁጥሩ የተደረደረ፤
እኛ ግን ትከሻው መዛጉን አይተንና
«አያ ዝገት» ብለን አነሳነው ክርስትና።

ዲስኩ በመተማ ነው የመጣው፣ ከሽንኩርት ጆንያ ሥር፤
ሲጫጫር በጥርስ ሳሙና የምናሸው እንደ መነጽር።
እሳተ ገሞራ ውስጥ ጣልነው፣ ቀለጠ፤
ጩኸታችን ወፍጮውን በለጠ።
በዓመቱ ሁለተኛው ክፍል ሲመጣ
እሱው ነው፣ ከነቁስሉ፣ ክንፍ አብቅሎ ወጣ።
ጨረቃ ጣልንበት በሦስተኛው ክፍል፤
በአራተኛው ራሱ ብቻ መጣ፣ ያለ አካል፣
በሸረሪት እግር እየተንፏቀቀ።
«ነፍስ ይማር» አልነው። እሱ ግን ሳቀ።

አቸነፈ ነው ስሙ፣ ያብሮ አደጌ ስም፤
አያ ዝገትን ግን አቸንፎ አያውቅም።
መጨረሻው ላይ ሲደርስ፣ አንድ ጥይት ሲቀር፣
መብራት ድርግም ይላል፤ ጸጥ ይላል ሰፈር።
በጨለማው ውስጥ ጆይስቲኩን እንዳቀፈ
«መብራት ኃይል የሱ ወገን ነው» ይላል አቸነፈ።

ከመውደቁ በፊት፣ ሁሌ፣ አንድ ነገር ይላል፤
ድምፁ ባዶ በርሜል ውስጥ እንዳለ ጠጠር ይንከባለላል።
ምን ማለቱ ይሆን? ጥሩወርቅ፣ የባምላኩ ልጅ፣
እንግሊዝኛ ሰባ ሁለት አምጥታለች፤ ታውቃለች እንጂ!
«እናቴን አደራ ነው የሚለው» አለች።
እናቱ ማን ናት ስንላት፣ ትንሽ አሰበች፣
«ፋብሪካ ናት» አለች።
ያን ማታ ገድለነው ማንም አላጨበጨበም።

ኋላ፣ አንድ ክረምት፣ ጥይቱ ከቲቪው ወጣ፤
አስፋልቱ ላይ ጮኸ። ጋሽ ባምላኩ ሳንቃና ሚስማር ይዞ መጣ።

ዘንድሮ ዘጠነኛው ክፍል በስልኬ ደረሰ፤
አያ ዝገት፣ ትከሻው እንደዛገ፣ ተመለሰ።
ማራኪ፣ ቤቴ ውስጥ፣ የተማሪ ፈተና ሳርም አምሽቼ፣
ገደልኩት ብቻዬን፣ ሻዬን ረስቼ።
ሲወድቅ ያንኑ ቃል ደግሞ ተናገረ፣
ልጅነቴን ሙሉ ሳይገባኝ የኖረ፦

«መቼ መጣሁ እኔ?
ቀስቅሳችሁኝ ነው።»

ለካስ እኛው ነን ብር ቆጥረን ከአመድ የምንጠራው፣
መሞቱ ሲሰለቸን ያን ቀይ ዓይን የምናበራው።

ለአቸነፈ ልነግረው አዘዞ ወረድኩ።
ብረት ይበይዳል፤ ከመኪና ሬሳ የግቢ በር ይሠራል፤
ጭምብሉን ሲደፋ መስተዋቱ እንደ አንድ ዓይን ይቀላል።
ነገርኩት። ዝም አለ።
ኤሌክትሮዱ ጫፍ ላይ የጋለ ጠብታ ተንጠለጠለ።
«ስልክህን አምጣ» አለኝ፤ በቅባት ጣቱ ተጫወተ፤
አንድ ጥይት ሲቀረው የሱቁ መብራት ሞተ።
ስልኩ ግን በራ። መብራት ኃይል ላይ ማሳበብ የለም አሁን።
አያ ዝገት ቆሞ ይጠብቃል፣ ሳይጨፍን ዓይኑን።

ጣቱ ትንሽ ቆየ።
«ይተኛ፣ በቃ» አለና
ስልኬን ደፍቶ አስቀመጠው፣ ቀስ ብሎ፣
ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው።

ከማዶ የአንድ ሰው ጀነሬተር ተነሣ።