ሃያ ሰባት ተኩል

ካራ ላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር፣
አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለች ከባህር ዛፎቹ ሥር።
ደጇ ላይ ጎማ አልባ ቸርኬ ያዞራል ነፋሱ፤
ሰሌዳ የላትም፤ «ጠጋኝ አለ» ባይዋ እሱ።

ከባሌ ጋር ሄድን። ስሙ ላቀው፣ ቁመቱም ላቀው፤
ስሙን ያወጡለት ሰዎች ይህን ማን ነገራቸው?
እኔ ደግሞ በብብቱ እንደ ጃንጥላ የምያዝ፣
ታክሲ ውስጥ ጎንበስ ሳልል ቆሜ የምጓዝ።

እሱ ጠዋት ሽቅብ ነው፣ ችግኝ ጣቢያ፣ ጫካው ጫፍ፤
እኔ ከሰዓት ቁልቁል፣ የውሃ ቆጣሪ ሳነብ፣ ቁጥር ስጽፍ።
ብራችን ለአንድ ብስክሌት ነው፣ እሱም ከዕቁብ የወጣ፤
አንድ ብስክሌት፣ ሁለት ሰው፤ ጭቅጭቁ ከዚህ መጣ።

«ትልቁን» አለ ላቀው፣ «ሃያ ዘጠኙን ኢንች፤
ድንጋይ አይመርጥ፣ ጉድባ አይፈራ፣ አይበግረው ኮረኮንች።»
«ትንሹን» አልኩ እኔ፣ «ሃያ ስድስቱ ይሻለኛል፤
መለዋወጫው ሞልቷል፤ ቆም ስል እግሬ ምድር ይደርስልኛል።»

ጋሽ ድንበሩ ሽቅብ ቁልቁል አየን፤ ሜትር አላወጣም፤
«ቁመት በቴላዮ ነው» አለ፣ «በጎማ አይለካም።
ጎማ መንገድን እንጂ ባለቤቱን አይመስልም፤
ቁመታችሁንማ አየሁት፤ መንገዳችሁን ግን አላውቅም።»

መንገዳችንን ነገርነው። እሱ ስለ ቀዩ ማጥ፣
ስለ ባህር ዛፍ ሥሮች፣ ዝናብ ሲነካቸው ስለሚሆኑት ዳጥ፤
ጎህ ሳይቀድ ጅብ ተሻግሮት ያውቃል፤ ነግሮኝ አያውቅም ነበር፣
አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር፣ ባንድ ጣሪያ ሥር ስናድር።

እኔም ነገርኩ፦ ኮብልስቶኑን፣ ጥርስ የሚያንገጫግጨውን፣
ክዳኑ የተሰረቀውን ጉድጓድ፣ ጉልበቴን የላጠውን።
«ከደረጃ ወደቅሁ አላልሽም?» አለ ላቀው። ዝም አልኩ።
ጠጋኙ ፊት፣ እንደ ልጅ፣ ውሸቴን ዋጥኩ።

ከዚያ ሦስት አቆመልን፣ ያገለገሉ፣ ቀለማቸው የለቀቀ፤
«ውሃ ታንከሩ ድረስ ንዱ» ብሎ፣ ደፉ ላይ ተደላድሎ ሳቀ።

ሃያ ስድስቱ ቀላል ነው፣ ባሰኘው ይታጠፋል፤
ግን ጉድጓድ ሁሉ ዘመዱ ነው፣ ሳይገባ መች ያልፋል?
ላቀው ሲነዳው ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይማታል፤
አጥሩ ላይ የወጡ ልጆች «የማንን ቀማህ?» ይሉታል።

ሃያ ዘጠኙ ይንሳፈፋል፣ ኮብልስቶኑ ይረሳል፤
ግን አንዴ ከቆመ፣ ለማስነሳት ሽማግሌ መላክ ያሻል።
ጅረቱ አጠገብ፣ ጠባቧ ኩርባ ላይ፣ ልጠመዝዘው ስል
ቀጥ ብሎ የሰው ጎመን ገባ፣ እኔን ጭኖ፣ ይቅርታ እንኳ ሳይል።

ሃያ ሰባት ተኩል። ስለ እሱ ምን ልበል?
ሲታጠፍ እንደ ትንሹ አይደለም፤ እንደ ትልቁም አይንከባለል።
«ልክ ነው ብዬ አልዋሽም» አለ ጋሽ ድንበሩ፣ «ለማናችሁም፤
ላንተ ትንሽ ይጎድላል፣ ላንቺ ትንሽ ይተርፋል፤ ግን አይጥላችሁም።»
ስለ ካላማዳሪያው ደግሞ ብዙ፣ እጅግ ብዙ አወራ፤
«እዚህ ሰፈር አይገኝም፣ ሁለት ያዙ» ብሎ አስፈራራ።

ዋጋ ላይ ተጨቃጨቅን። ፓምፑን መረቀልን በመጨረሻ።
የኮርቻውን ዘንግ በሚስማር ጫረው ሁለት ቦታ፣
ላይ ለላቀው፣ ታች ለኔ፣ የልክ ማስታወሻ።

አሁን ክረምት ነው። ቀይ ጭቃ ከጎማው ጥርስ መሀል፤
ጠዋት ላቀው የረገጠው ጫካ ከሰዓት ከኔ ጋር ይውላል።
ኮርቻውን ወደ ጭረቴ ሳወርድ ሞቅ ይላል አንዳንዴ፤
ከፀሐይ ይሁን ከሰው አላውቅም፤ ይዤው እሄዳለሁ በሆዴ።

ትናንት ማታ ኮርቻውን ሳልመልስለት ብተኛ፣
ዳገቱን በኔ ጭረት ወጣው፣ ጉልበቱ አገጩን እየነካ፣ እንደ ሰርከስ ቀልደኛ።
«ምነው፣ ወርደህ ብታስተካክለው? መፍቻው ከኮርቻው ሥር አልነበር?»
«እንዴት ልውረድ?» አለኝ። «ጅቡ ቆሞ ነበር።»