ግማሽ በግማሽ

ሲንጀሩን ተሸክሞ መጣ ኸሊፋ ሰፊው፣
የቀበሌ ቤቱ አወይቱ ዳር ፈርሶ፤
«ግማሹ ከእኔ ነው፣ ግማሹ ከመንግሥት» አለ
ደብዳቤ ዘርግቶ፣ የማኅተሙ ቀለም ፈሶ።

ሰርቪሷን ሰጠሁት። ክረምት ገባ። ሐምሌ።
የእሱ ግማሽ መጣ፣ በመሐረብ ተቋጥሮ፤
የመንግሥቱ ግማሽ «ሲስተም የለም» ነበር፣
«ሰኞ ተመለሺ»፣ «በጀት የለም ዘንድሮ»።

ላስወጣው ቆርጬ ደጁን ሳንኳኳ ግን
ጣራው ያፈሳል፣ ባልዲ ሞልቷል ከፊቱ፤
እሱ ረጥቦ ቆሟል፣
ሲንጀሩ ላይ ነው ኮቱ።

እናቴም ሔርማታ፣ በአምስት ብር ከሃምሳ
የመንግሥት ተከራይ፣ ጣራዋ ሲያፈስባት
«ጓድ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ናቸው» ሲሉ
ስንት ሰኞ መሸባት።

መሰላል ተዋስኩኝ። ከታች ደግፎልኝ
«የምስማሩም ዋጋ ግማሽ ነው?» ይለኛል።
ከቆርቆሮው ላይ ሆኜ አልመለስኩለትም፤
አፌ ምስማር ይዟል።