ቅጥር፣ ቀጠሮ፣ ቋጠሮ

ጎንደር ፒያሳ፣ ግንቡ ከሚታይበት ጥግ ነው ጠረጴዛዬ፤
ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፤ በሰው ቃል ነው እንጀራዬ።
"ቀጠሮ" የሚለውን ቃል በቀን ስንቴ እጽፈዋለሁ፣
እንደ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ሳላየው አሳልፈዋለሁ።

ማንጠግቦሽ ከጠዳ በእግሯ፣ ጨለማ እየረገጠች መጣች፤
ለሦስት ሰዓት ቀጠሮ አሥራ ሁለት ላይ ተቀመጠች።
ነጠላዋ ጤዛ ጠጥቷል፤ ጫማዋ ጭቃ ጎርሷል፤
የድንበር ነገር ነው ክሷ፤ ክረምት ሦስቴ ተመልሷል።

ሊስትሮው ሳቀ ከጎኔ፤ "የሐበሻ ቀጠሮ ነው" አላት።
"እኔስ ማነኝ ታዲያ፣ ከዶሮ ቀድሜ የነቃሁት?"

ወደኔ ዞረች።
"ቀጠሮ የሚሉት ነገር አባቱ ማነው? ከየት መጣ?
ለምንስ ነው እኔ ስገባ ሁልጊዜ እሱ የሚወጣ?"

ቅኔ ቤት ያቋረጥሁ ነኝ፤ ግስ ግን ጥርሴ ሥር ቀርቶልኛል፤
(ግምት ነው፤ የኔታ ቢሰሙኝ በአርጩሜ ያናግሩኛል።)
"ቅጽር ይላል ግእዙ፣ እኛ ቅጥር የምንለው፣
ያው እንደ ግንቡ ዙሪያ፣ ከብቦ የሚያስቀረው።
ተቀጣሪም ሰው ነው፣ ቀኑን በደመወዝ ያሳጠረ፤
ቀጠሮም የዚያው ዘር ይመስለኛል፣ ሰዓትን በቃል ያጠረ።
ሁለት ሰው ከጊዜ ሜዳ አንዲት ቁራሽ ይቆርስና
ድንጋይ ይክባል ዙሪያዋን፤ ኖራ ይለስናል ገና፤
ጠባብ በር ያበጅላታል። ሰዓት አክባሪ ማለት
ያቺ በር ሳትዘጋበት ጎንበስ ብሎ የሚገባባት።"

ቀና ብላ ግንቡን አየች፤ ፍራሹ ላይ ዓይኗ ቆመ፤
"እንዲያማ ከሆነ" አለች፣ "የኔው ቅጥር ነው የታመመ።
ሦስት ዓመት ሙሉ ስመላለስ ውስጡ ማንም የለበትም፤
በሩን እኔ እጠብቃለሁ፤ ዳኛው ግን አይገባበትም።"

አምስት ሰዓት ላይ መዝገብ ቤቱ በመስኮት ብቅ አለና
"ዳኛው ስብሰባ ናቸው፤ ለኅዳር ሃያ ሁለት፤ በሉ ደኅና።"

ይህንንም ቀጠሮ ይሉታል! መገናኘትም፣ መገፋትም፤
አንድ ቃል፣ ሁለት ፊት። የኔታ ይህን አላሉኝም።

እሷ ምንም አልመለሰች። የነጠላዋን ጫፍ ሳበች፤
ከስምንቱ ቋጠሮ ጎን ዘጠነኛውን ቋጠረች።
ሒሳቤን ቆጥራ ሰጥታኝ የአዘዞን መንገድ ወረደች፤
ኅዳር ሃያ ሁለት ሊነጋ ሲል፣ አውቃለሁ፣ እዚሁ ነች።

ከዚያ ወዲህ ያን ቃል ስጀምር
ብዕሬ መጀመሪያው ፊደል ላይ ያነክሳል፤
"ቀ" ነው?
"ቋ"?