መገኛ

በጋሪ የመጡት ሰዎች ይህን ነጭ ሜዳ «ጥርስ ማፋጫ» አሉት፣
ጎማቸው በጠጠሩ ሲያልፍ፣ ሲንቋቋ ሰምተውት።
ዛሬ የሚንቋቋው የኔ መኪና ነው፣ ጎማው የተላጠ፣
በሩ ላይ የጥብቅ ስፍራው ዓርማ፣ ፀሐይ ቀለሙን የመጠጠ።

ሳና ቢዮከስ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ውያለሁ፤
ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «የድንጋይ ዘበኛ» እላለሁ።
ድንጋይ ግን አይደሉም።
ጎንበስ ብለህ እይ፦
ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ለስላሳ፣ ለሁለት የተከፈለ፤
«የሕፃን ቂጥ» እንላቸዋለን፣ የተሻለ ስም ምን አለ?

አፈሩ ስንዝር አይሞላም፤ ከታች ጨው ነው፣ ኮምጣጣ፣
ዝናብ ይረሳዋል፤ ጉም ነው ከባሕር ወጥቶ የሚያጠጣ።
እዚህ ጉብታ ላይ ያለው እዚያ ማዶ የለም፣
መቶ እርምጃ ሂድና ፈልግ፤ ዘመዱን አታገኝም።
ሣር እንኳ ንቆት የሄደውን መሬት
እነሱ ናቸው ቤቴ ያሉት።

ማክሰኞ ከፍሬደንዳል ፖሊስ ጣቢያ ጠሩኝ።
ሦስት የዳይፐር ካርቶን ጠረጴዛ ላይ አሳዩኝ።
በጋዜጣ እንደ እንቁላል የተጠቀለለ
አራት መቶ አርባ ነፍስ፣ ሥሩ የተንጠለጠለ።
«ባሕር ማዶ አንዷ ፍሬ የወር ደሞዝሽን ታወጣለች» አለኝ መርማሪው፣
ቅጹን አቀረበልኝ፤ «መገኛ» የሚል ባዶ መስመር ነው።

ከአንዷ ሥር አፈር በጥፍሬ ፍቄ ቀመስኩ።
ጨው። ከጨዉ ኋላ ብረት ብረት የሚል። አወቅኩ።
ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ከሦስተኛው ጉብታ ጀርባ፤
ካርታ አያውቀውም፣ መንገድም የለው የሚያስገባ።
የሚያውቀው ሁለት ሰው ነው፦ እኔና አንድ ልጅ፣
አንድሪስ፣ የእህቴ፤ በሰባት ዓመቱ የወሰድኩት በእጅ።
«እንዳትረግጥ» ብለው፣ በሆዱ ተኝቶ ሲያያቸው ዋለ፤
«አክስቴ፣ ይተነፍሳሉ?» አለ።

ካርቶኑንም አውቀዋለሁ።
ባለፈው ወር፣ ልጁ ስትወለድ፣ እኔው ገዝቼለታለሁ።

ማዕድኑ ከተዘጋ ሁለት ዓመቱ፤ ምን ይሥራ?
ድንጋይ ዳቦ በነበረበት ዘመን ይባላል ጥንት ሲወራ፤
ተረቱን ያመነ ሰው፣ ጓዳው ባዶ ሲሆን፣
ምን ያድርግ ድንጋዩን ባይመዝን?

መርማሪውን «እስከ ነገ» አልኩት። መስመሩን አልሞላሁም።
ያቺን የቀመስኳትን ኪሴ ከትቻት ወጣሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ማታ ደወለ። «አክስቴ፣ አፈር ስሆን» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረ።
አፌ ውስጥ ያ ጨው ነበረ።