የጣሪያው ድምፅ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዛብዤን ምድር ሆድ
አሎይዚ ሲፈለፍል፣ ሲሳብ በከሰል ጉድጓድ፣
ጣሪያውን በመዶሻ ቀስ አድርጎ ይመታል፤
ድምፁ ጥብቅ ከሆነ ሥራው ይቀጥላል፣
ባዶ ካስተጋባ ሁሉን ጥሎ ይሮጣል።

አባቱንም ሐኪሙ እንዲሁ ነው ያየው፤
በሁለት ጣቱ ጀርባውን አንኳኳው፣
ጆሮውን ጣል አድርጎ «ብርድ ነው» አለው።
ለፋሲካ ቀበሩት።

ዛሬ ልጁ ሸምግሎ እኔ ዘንድ ለምርመራ መጣ፤
«ቀበቶዎን ይፍቱ» ብለው ተቆጣ።
ዘለበቱ ላይ ሁለት መዶሻ ተቀርጿል።
ፈታው በመጨረሻ፤ በእጄ አስያዘኝ፣
«እንዳትጥይው» አለኝ።

ቀለበቱ ያጓራል፤ አልጋው ይዞት ይገባል።
«አየር ይሳቡ። ይያዙ። አይተንፍሱ» ይላል።
እሱ ግን ለምዶታል ይህን መሳይ ትእዛዝ፤
ፈንጂ ሊፈነዳ ሲል ትንፋሽን መያዝ።

ደረቱ ስክሪኑ ላይ ቁርጥ በቁርጥ ሲወጣ
ማን ይከልክለው? በካልሲው እኛ ክፍል መጣ።
እንደ ጉድጓድ ካርታ በጣቱ እየመራን፣
«ይህ የሰባ አራት አቧራ፤ ይህ ደግሞ
ጣሪያው ኤርቪን ላይ የወደቀ ለት» ሲል አነበበልን።

ከዚያ ጣቱ ቆመ።
በግራው ሳንባ ጥግ፣ ምስር የምታህል፣ ነጭ።
«ይቺን አላውቃትም።»
ዶክተር ሃሊና መነጽሯን አወለቀች፤
«እኛም ገና አላወቅናትም። ከሦስት ወር በኋላ
እንያት፣ ምናልባት ካደገች» አለች።

ሳቀ። «አባቴን ብርድ ነው ያሉት
ምናለ እንዲህ አናውቅም ባሉት!»
ቀበቶውን ታጠቀ።

በሩ ጋ ሲደርስ ግድግዳውን በጣቱ መታ፤
ጆሮ ሰጠው ላንድ አፍታ።
የሰማውን ሳይነግረን ወጣ።