ለመድኃኒት

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ሠራተኛ ሰፈር፣
ጤና ጣቢያችን ውስጥ፣ ቁጥር ሁለት በር፣
ደም ግፊት ስለካ፣ ትንፋሽ ስቆጥር፣
አሥራ ስምንት ዓመት ኖርኩኝ ባንድ ወንበር።

ስም ቶሎ እረሳለሁ፤ ካርድ ግን አልረሳም።
የትጓደድ ካርድ፣ እሷ ስትከሳም
እሱ እየወፈረ በክር ታስሮ ይመጣል፤
ባሏም አብሯት መጥቶ ከደጅ ይቀመጣል፤
ቦርሳዋን ይዞላት፣ ነጠላዋን አጥፎ፣
ለዘበኛው ሳይቀር ሰላምታ አትርፎ፤
"ከደረጃ ወድቃ" ይላል ዝቅ ብሎ።
"ምን ያለው ባል ሰጣት!" ይላል ሰልፉ ቶሎ።

እኔም ጻፍኩ።
መጋቢት፦ ከደረጃ። የግራ ክንድ፣ ስንጥቅ።
ሐምሌ፦ ከደረጃ። ጆሮዋ ይጮሃል፤ በቀኝ በኩል አትሰማም።
ጥር ላይ ደም እየፈሰሳት መጣች። የአራት ወር ፅንስ ነበር።
እሱንም፣ እግዜር ይየኝ፣
ከደረጃ አልኩት።

ቤቷን አውቀው ነበር፤ በክትባት ዘመቻ
በሯን አንኳኩቼ፣ ቆሜ ለጥቂት ብቻ፣
አይቻት ነበረ፦ ጣሪያዋ የጎበጠ፣
ወለሏ ካስፋልቱ በስንዝር የሰመጠ፣
አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት።
ደረጃ የሚሉት ለመድኃኒት የለም።

ሙያችን ቃል አያጣም።
"ራስ ምታት" ብዬ ጻፍኩ፣ ክኒን ወስዳ ሄደች።
"የልብ ምት ፈጥኗል፤ እንቅልፍ የላትም" ብዬ ጻፍኩ።
"የደም ግፊት" ብዬ ጻፍኩ፣ መቶ ስድሳ በመቶ፣
በሠላሳ አራት ዓመቷ።
ምት። ምታት። ግፊት።
እስክሪብቶዬ ሁሉን ሲናዘዝ
ጆሮዬ እንደ እሷ ቀኝ ጆሮ ነበር።

የዛሬው ጣት ነው፤ የቀለበት ጣት፤
ቀለበቱን ውጦ ያደረ ከሌሊት።
ሳሙናም አልረዳ፣ ክርም አላወጣው፤
ወይ ጣቱ ወይ ወርቁ፣ አንዱን ነው የምናጣው።
ባሏ አንጥረኛ ነው፤ ፒያሳ ሱቅ አለው፤
በመዶሻ ምት ነው ወርቁን የሚያሳሳው።
መጋዟን እያዞርኩ፣ "እሱ ነው የሠራው?" አልኳት።
በራሷ አዎ አለችኝ።
ቀለበቱ ተከፈተ።

ውስጡ መዳብ ነበር።

ዳር ዳሩ አረንጓዴ ያወጣ፣ ወርቅ የተቀባ መዳብ፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ።
ትጓደድ በሁለት ጣቷ አንስታ፣ ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው፤
የአንጥረኛ ሚስት አይደለች፣ ሌላ ሰው መጠየቅ አላስፈለጋትም።
ከዚያ ሳቀች።
ጎኗን ደግፋ፣ እያመማት፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤
ካርዷን እንጂ ሳቋን አላውቀውም ነበር።

በሩን ዘጋሁት። እሱ ከውጭ ነው፣ ቦርሳው ጭኑ ላይ።
"ግፊትሽን ልለካው" ልል አፌን ከፍቼ፣
"ማን ገፋሽ?" ብዬ አረፍኩት።

ዝም አለች። መለኪያው ክንዷ ላይ እየተነፈሰ።
"ሲስተር፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ስትለኪኝ ኖረሽ
ዛሬ ነው የጠየቅሽኝ?"

መልስ አልነበረኝም።
የካርዱን ክር ፈታሁት፤ ወደ ኋላ ገለጥኩት፤
ጥር። ሐምሌ። መጋቢት።
"ደረጃ" የሚለውን ባገኘሁበት ሁሉ
እንደ ደንቡ ሰርዤ፣ ከጎኑ ፈረምኩ።
እሷም ከላዩ የሚጻፈውን ስም
ፊደል በፊደል ነገረችኝ፣
ከነአባቱ፣
እንዳልሳሳት።