የእጅ አንጓ

ሌሊት አሥር ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣
መሪው በረዶ ነው፣ ጣት የለው ማረፊያ።
ሹራብ ላይ ጃኬት፣ ጃኬት ላይ ካፖርት፣
ተደራርቤያለሁ እንደ ሮቢት ሽንኩርት።

ጣርማ በር ዋሻ አፍ ጉም ተጎልቶ ያድራል፤
ጥሩንባዬን ሲሰማ ገለል ይላል፣ ወይም እዚያው ይቀራል።
ደብረ ሲና ስደርስ ካፖርቴን እጥላለሁ፣
አርማንያ ላይ ጃኬት፣ ከዚያ ሹራብ እገፍፋለሁ፣
ሸዋ ሮቢት ስገባ በካናቴራ ነኝ፣
ጀርባዬን ወንበሩ እንደ ሙጫ ይዞኝ።
ሃያ ሁለት ዓመት ይኸው ነው ሥራዬ፤
ስለብስና ሳወልቅ አለቀ ዕድሜዬ።

የእህቴ ልጅ አለ፣ ናሁሰናይ የሚሉት፣
ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሽቦና ብየዳ የለከፉት።
ከተጣለ የውሃ ማቀዝቀዣ ሆድ
ብስኩት የምታህል ነጭ ሸክላ አውጥቶ፣
ከሞባይል ባትሪ በሽቦ አጋብቶ፣
በሰዓት ማሰሪያ ላይ ሰፍቶ፣
አምጥቶ አሰረልኝ።

«አንድ ጎኗ ሲሞቅ ጀርባዋ ይበርዳል» አለኝ።
ልክ እንደ መንገዴ ናት፣ ብዬ አሰብኩ፤
ደብረ ብርሃንና ሮቢት፣ ጀርባ ለጀርባ የተኙ።
«ይቺን ስትጫን ሙቀት፣ ይቺን ስትጫን ቅዝቃዜ፤
ከተውካት ደግሞ ቆዳህን ለክታ ራሷ ትመርጣለች።»
«መኪናው ይሞቃል?»
«አይ አጎቴ፣ አንጓህ ብቻ፤ የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ቦታ።
አየሩ እንዳለ ነው። የምትታለለው አንተ ነህ።»
«ስንቱ ሲያታልለኝ ኖሮ፣ አንተ ደግሞ ቆዳዬን!»
ሳቅሁበት።
ግን አላወለቅሁትም።

በማግስቱ ሌሊት፣ ያ ሁሉ ውርጭ ባለበት፣
መዳፉ ውስጥ ቆይቶ
ረዳቴ የሚያቀብለኝ ሳንቲም ያለው ሙቀት
አንጓዬ ላይ ተቀመጠ። ያችን ታህል።
እግሬ ውርጭ ነው፣ ጆሮዬ ውርጭ ነው፣
እኔ ግን፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ደኅና ነበርኩ።
ረዳቴ ጥጋቡ አየና ጮኸ፦
«ጋሼ ቢያድግልኝ ክታብ አሰረ! እርጅና መጣ!»
ጋቢና ያሉት ሳቁ።

ማክሰኞ ከሮቢት ስንነሳ፣ ስምንት ሰዓት፣
ቆርቆሮው ሲጮህ፣ አስፋልቱ ሲቀልጥ፣
አንዲት ሴት ገባች በመንዝ ባና ተጠቅልላ፣
በዚያ ሐሩር፣ በዚያ ንዳድ፣ ከአናቷ እስከ ጥፍሯ፤
ጥርሷ ይንገጫገጫል ልክ እንደኔ መስኮት።
ድንቅነሽ ትባላለች፤ ከመሐል ሜዳ ወርዳ
ሽንኩርት ስትነቅል ከርማለች።
«መስኮቱን ዝጉልኝ፣ ብርድ ገደለኝ» ትላለች፤
«ታፈንን፣ ክፈቱ!» ይላል የኋላ ወንበር።
ግንባሯን ነካሁት፤ የራዲያተር ክዳን።
«ወባ ናት» አለ አንዱ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰው ስም።

አምባሬን ፈታሁና ለጥጋቡ ሰጠሁት፣
አንጓዋ ላይ አሰረላት።
መሣሪያው ለካ። አሰበ። መረጠ።
እሷም በጩኸት ብድግ፦
«ማነው በረዶ ያሰረብኝ?»

ትኩሳቷን አነበበ እንጂ ብርዷን አልሰማም።
ዋሽቷል አልለውም። እሷም አልዋሸችም።

«ሙቀቱን ተጫን!» አልኩ በመስታወት እያየሁ።
«ተው አንተ!» አለች ከኋላ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣
«እሳት ላይ እሳት ልትጨምርባት ነው?»
ጥጋቡ ጣቱን አነሳ። መለሰ። አነሳ።
ያ አፈኛ ልጅ ቃል ጠፋው።
ከአርማንያ እስከ ደብረ ሲና ያለውን ዳገት ሁሉ
ጣቱ በሁለቱ ቁልፎች መሐል እንደ ቆመ፣
በሌላ እጁ ባናዋን ይዞላት፣
በሁለተኛ ማርሽ ወጣን።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ደግፈን አወረድናት፤
ቆሎ ሻጮቹ እንኳ ስኒያቸውን ዝቅ አድርገው አሳለፉን።
አምባሩ እጇ ላይ ቀረ። ማንም አልጠየቃት።

ማታ ናሁሰናይ ደብተሩን ከፍቶ ጠበቀኝ፦
«የቱን ተጫናችሁ? ልጻፈው።»
ካፖርቴን እያወለቅሁ ነበር፤ አንዱ እጄ እጅጌው ውስጥ እንዳለ ቀረ።
አንጓዬ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ ምልክት አለች፣
የትኛውም አየር ያልነካት።
«ጥጋቡን ጠይቀው» አልኩት።